ከደካ ጓሮ የወጣ ኮረሪማ

ሻርጃ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእትዬ የሺሃረግ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ የቦንጋም ዝናብ ከጣሪያሽ ላይ ቀለል ያለ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ስልኬን ማዳም ትይዘዋለች፤ ሐሙስ ማታ ብቻ ትሰጠኛለች፣ ያኔም አጠገቤ ቆማ ነው። ያንቺ ክፍል ደግሞ ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ድምፄን ቀድቼ ብልክልሽ ጋሽ አስናቀ ግሮሰሪ ውስጥ ቢራ የሚጠጣው ሁሉ አብሮሽ ይሰማል። ስለዚህ ነጋዴው ሰላሐዲን ይሻላል። እሱ ወይም ሸሪኩ ለሱቁ ዕቃ ሊገዙ ዱባይ ሲመጡ፣ እዚህ ሻርጃ ካለ የሐበሻ ዕቃ መሸጫ ያስቀምጡልኛል። እዚያ ደግሞ ሚስቱ ዙሌካ ትሰጥሻለች። ዙሌካ የሰው ዕቃ አትከፍትም።

ሥራው እንደ በፊቱ ነው። ልጆቹ አድገዋል፣ ትንሹ አሁን ስሜን በደንብ ይጠራል። ለአንቺ አንድ ሹራብ ልኬያለሁ፤ ለብርድ ይሆንሻል።

እማዬ እንዴት ናት? በደወልኩ ቁጥር «ቦንጋ ሄጄ መጣሁ» ትለኛለች። ደካ ገበያ እያለላት ቦንጋ ድረስ ምን እንደሚያመላልሳት አልገባኝም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። ካገኘሻት ተቆጪልኝ። ከጓሮዋ ኮረሪማ ትስጥሽና ላኪልኝ፤ የዚህ አገር ሻይ ሽታ የለውም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ማታ ማታ የምትውጪውን አሁንም ትውጫለሽ? ሲጀምሩት ያማል? ከምግብ ጋር ነው ወይስ በባዶ ሆድ? ለአንዲት ጓደኛዬ ነው።

እህትሽ ሜሪ


ሺሺንዳ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለሜሪ፣

በሰው አገር ያለሽ ልጅ፣ ፈጣሪ በዓይኑ ይጠብቅሽ። ሹራቡ ልክ ሆኖልኛል። ዙሌካ ስትሰጠኝ ቀለሙን አይታ «ይህስ ለሚስት ነው የሚላከው» አለችኝ።

ከቦንጋ ወጥቼ ሺሺንዳ ነኝ። ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ስለሆነ ገንዘቡ እዚህ ነው። እኛም እንደ ቡና ነጋዴው ነን፣ ቡናው ወዳለበት እንሄዳለን። ሲያልቅ ወደ ዋጫ የሚያልፉ አሉ፤ እኔ ግን ወደ ጋሽ አስናቀ ቤት እመለሳለሁ። በየቤቱ አዲስ ስም ይወጣልናል። እኔ አሁን ህይወት ነኝ። የአባቴን ልጅ የሺሃረግን የሚያውቃት እዚህ የለም፣ ባይኖርም ይሻለኛል።

እናትሽን ሳልቆጣቸው ቀረሁ። ከመምጣቴ በፊት ቦንጋ ላይ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ሲያልፉ አይቼ ጠርቻቸው ነበር፤ አልሰሙኝም መሰለኝ። ኮረሪማውን በሌላ ቀን ዙሌካ ጋ አስቀምጠውልኝ አገኘሁት። ስፈታው ደካ ደካ ሸተተኝ።

ስለ ጓደኛሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ እውጣለሁ። አንዲት ፍሬ ናት፣ በቀን አንዴ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። መጀመሪያ ላይ ራስ ያዞራል፣ ክፉ ክፉ ሕልም ያሳያል፤ ከዚያ ይለመዳል። እኛ ጠርሙሱ ውስጥ ጥጥ እንጠቀጥቃለን፣ ቦርሳ ውስጥ ሲንሿሿ ደንበኛ እንዳይሰማ። አንዳንዷ በቅባት ዕቃ ገልብጣ ትይዛለች። የምወስደው ከማረፊያው ነው። ማረፊያው የምንለው አንድ ድርጅት እኛን ለመሰሉ ሴቶች የተከራየው ቤት ነው። ገላ እንታጠባለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ ከጓሮ በኩል ነርሷ መድኃኒት ትሰጠናለች። አብርሆት የምትባል ድሮ እንደኛ የሠራች ሴት አለች፤ የቀረችውን ከቤቷ ድረስ ሄዳ ትፈልጋለች። ሺሺንዳ ስመጣም «ጥጡን እንዳትረሺ» ብላ ነው የሸኘችኝ።

ሌላው ሰው ግን የገዛ ከተማው ጤና ጣቢያ አይሄድም። የቦንጋዋ ዋጫ ትሄዳለች፣ የዋጫዋ ቦንጋ ትመጣለች፣ ከዚያ ሚኒባሱ ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

ባለፈው ደሜን መርምረው ቫይረሱ አይታይም አሉኝ። ከወሰዱት እንዲህ ይሆናል። ለጓደኛሽ ንገሪያት።

ስሟን ግን አልጻፍሽልኝም።

የሺሃረግ


ሻርጃ፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ዛሬ ብዙ አልመርቅሽም።

ጓደኛ የለችም። ማዳምም የለችም። ከእሷ ቤት ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል፤ ፓስፖርቴ እዚያው ቀርቷል። ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነን፣ ስልኩም የጋራ ነው። የምሠራውን አልጽፍልሽም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቦንጋ ስማር አንቺ ጋ እያደርኩ፣ ጠዋት ከክፍልሽ ስወጣ ሰው እንዳያየኝ አንገቴን የምደፋው እኔው ነበርኩ።

ነሐሴ ላይ ጎኔን እንደ ቀበቶ ዞሮ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣብኝ። ልብስ ሲነካው እሳት ነው። ልጆቹ አልማዝ ባለጭራ ነው አሉኝ። አንዷ ብቻ ዝም አለች። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ ዝም ያለችው ልጅ ናት በቤት የሚመረመሩበትን ያመጣችልኝ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ጠበቅኩ። ሁለት መስመር ወጣ።

እዚህ ሐኪም ቤት መሄድ አልችልም። ደም ከወሰዱ በኋላ ሐኪሙ ሳይሆን ፖሊሱ ነው የሚመጣው ይሉናል። ከዚያ ማቆያ፣ ከዚያ አውሮፕላን። አንዲት የሚዛን ልጅ እንዲህ ተመልሳ፣ ለምን እንደመጣች አገሩ ሁሉ ከእሷ ቀድሞ ሰምቶ ጠበቃት።

ክብደቴ ወርዷል። አሁን ደግሞ አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶ ምግብ አያስውጠኝም።

እትዬ የሺ፣ ከምትወስጂው ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ለእማዬ አትንገሪያት። በጉባኤው ፊት ቆማ ስለ እኔ ምስክርነት የሰጠች ሴት ናት። ይህን ከምትሰማ እኔ ብሞት ይቀለኛል። «ሜሪ ትሙት» ብለሽ እንደማልሽልኝ ቆጥሬዋለሁ።

ሜሪ


ቦንጋ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሜሪ፣

በያለሽበት ጠባቂ መልአክ አይለይሽ።

ደብዳቤሽን ዙሌካ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ጀምሬው፣ ሦስተኛው መስመር ላይ አጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩት። ክፍሌ ገብቼ ጨረስኩት። አልቆጣሽም። እኔን ማን ተቆጥቶኝ ያውቃል?

አማላጅ ሳትልኪ የጠየቅሽውን ልኬልሻለሁ። በደንብ አንብቢ።

ኮረሪማው በሁለት ገመድ ተሰክቷል። ነጭ ክር የታሰረበት ኮረሪማ ብቻ ነው፤ እሱን ጠጪበት። ቀይ ክር የታሰረበትን ግን ሻይ ውስጥ እንዳትጨምሪ። እያንዳንዱን በምላጭ በጎኑ ሰንጥቄ ፍሬውን አወጣሁ፣ መድኃኒቱን በፌስታል ቁራጭ ጠቅልዬ ከተትኩ፣ ስንጥቁን በማር ሰም ዘጋሁት። ጥቂት ፍሬ ትቼበታለሁ፣ ሲነቀንቁት እንደ ሌላው እንዲንሿሿ። ጥጥ ጠቅጥቀን ድምፁን የምናጠፋ ሰዎች እንዲንሿሿ ስለፋ አመሸሁ። አንዱን በየማታው፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። ሕልሙን አትፍሪው።

ሰላሐዲን የያዘውን አያውቅም። ብነግረው አይወስድም፣ ስለዚህ አልነገርኩትም። ሰውየው ልጆች አሉት።

ሌላው ወሬ መልካም አይደለም። ማረፊያው ተዘግቷል። ገንዘብ የሚሰጡት ከውጭ አቁመዋል አሉ። አብርሆት የበሩን ቁልፍ እንደያዘች በየቤቱ እየዞረች ነገረችን። ከነገ ጀምሮ ደሞዝ የላትም፣ ግን ዞረች። ለእያንዳንዳችን የዝውውር ወረቀት ሰጥታ «ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ መድኃኒቱ እዚያ አለ፣ ማንም አይከለክላችሁም» አለችን። መድኃኒቱ እንዳለ አውቃለሁ። ኮሪደሩ ነው የሚያስፈራኝ። የሚጠብቁበት አግዳሚ ከዋናው በር ፊት ለፊት ነው፤ ለክትባት ልጇን ያዘለች፣ ጥርሱን የታመመ፣ ሁሉም በዚያ ያልፋል። ጋሽ አስናቀ ከሰሙ ክፍሉን ያስለቅቁኛል። ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ የሥራ ስሜ ህይወት ነው፣ መታወቂያዬ የሺሃረግ ይላል። አልሄድኩም።

ደግነቱ ከመዘጋቱ በፊት የስድስት ወር ሰጥተውኛል። ግማሹን ነው የላክሁልሽ። አትጨነቂ፣ እኔ አይጎድልብኝም። በደሜ አይታይም ብለውኝ የለ? የማይታይ ነገር ትንሽ ቢጠብቀኝ ምን ይላል። አንድ ቀን እየዘለልኩ እወስዳለሁ።

የሺሃረግ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺ፣

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽን ይባርከው። ደርሶኛል።

እንዴት እንደደረሰ ብነግርሽ ትስቂ ይሆናል። እኔ ግን ሰላሐዲን ሲያወራልኝ ሱቁ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣውን አስከፈቱት። ፖሊሱ ኮረሪማውን አንስቶ አሸተተ፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀ፣ ለጓደኛው ሰጠው፣ ያም ነቀነቀ። ከዚያ ተሳሳቁና መለሱለት። ሰላሐዲን «የኛን አገር ጽናጽል አስነካኋቸው» ብሎ ይስቃል።

ከቀዩ ገመድ ጫፍ ላይ የጎደለ አለ። ስጠይቀው «የተሸካሚ ድርሻዬን ቆርጫለሁ፣ ዙሌካ ለሻይ ትወደዋለች» አለኝ። መልሼ ልጠይቀው አልቻልኩም። ምን ብዬ?

ከጀመርኩ ጊዜ ሆነኝ። መጀመሪያ አዞረኝ፣ የአባዬን ቀብር በሕልሜ ደጋግሜ አየሁት። አሁን ግን እበላለሁ። አፌ ጠርቷል። ትናንት መስታወት ሳይ ራሴን አወቅኩት።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። በር ሲንኳኳ ስድስታችንም እኩል እንነሳለን። ከታች ፎቅ ያሉትን ልጆች ባለፈው ሳምንት ወስደዋቸዋል።

ገመዱ እያጠረ ነው። ለሚቀጥለው ላኪልኝ። አንቺ ጋ እንዳለ ነግረሽኛል፣ ስለዚህ አልሳቀቅም። በዚህኛው ደብዳቤሽ ስለ ራስሽ ብዙ አልጻፍሽም፤ ደህና ነሽ አይደል?

ሜሪ


ቦንጋ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሜሪ፣

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ነው። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ኮረሪማ አልላክሁም።

መጀመሪያ ሰላሐዲን። ከመጣ በኋላ ሱቁ ጠራኝ። ዙሌካን ወደ ጓዳ ላካት፣ የቆርቆሮውን በር እስከ ግማሽ ጎተተውና የተሰነጠቀ ኮረሪማ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አጠገቡ የመድኃኒቷን ፍሬ። ዙሌካ ስትወቅጥ ነው ያገኘችው።

«ይህ ምንድን ነው የሺ?»

ኮረሪማውን አንስቼ ስንጥቁን አየሁት።

«ምን እንደሆነ ሐኪም ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ ይውጥ ነበር። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። እዚያ አገር ሳልነግራቸው ሻንጣ ሙሉ መድኃኒት ሳስገባ ቢይዙኝ፣ ልጆቼን ማን ያሳድግልኝ ነበር? አንቺ?»

«ብነግርህ አትወስድልኝም ነበር» አልኩት።

«አልወስድም ነበር። ለዚህ ነው ያልነገርሽኝ።» ፍሬዋን በወረቀት ጠቅልሎ መለሰልኝ። «ደብዳቤ እወስዳለሁ። ሌላ አልወስድም። ልጅቷ ትምጣ። በኮረሪማ የሚኖር ሰው የለም።»

ለማንም አልተናገረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሱቁ ጋ ስደርስ ወደ ማዶ እሻገራለሁ።

ሁለተኛው እኔ ነኝ። ከግንቦት ጀምሮ ሳል ያዘኝ፣ ሌሊት አንሶላዬ በላብ ይርሳል። ጋሽ አስናቀ «ደንበኛ ታሸሺብኛለሽ» ብለው ሁለት ቀን ከክፍሌ እንዳልወጣ ነገሩኝ። አብርሆት ሰምታ መጣች። ጎመን ትቸረችራለች አሁን። ጠርሙሴን አንስታ ወደ ብርሃን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ለማን ነው የሰጠሽው?» አለች እንጂ «የት ሄደ?» አላለችም። ነገ ጠዋት በር ላይ እጠብቅሻለሁ ብላ ሄደች፤ ጠበቀችኝም።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ያ አግዳሚ አለ። ሻሼን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ተቀመጥኩ። ነርሷ ስሜን ስትጠይቀኝ የአባቴን ስም ጨምሬ ነገርኳት። ወረቀቱ ህይወት ይላል አለችኝ። «እሷም እኔ ነኝ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ጻፈች፣ አለቀ። ያን ያህል ወር የፈራሁት ይህንን ነበር።

ቀን እየዘለልኩ መዋጤን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «የማይታየው መድኃኒቱ ስለያዘው ነው እንጂ ስለሌለ አይደለም» አለችኝ። እየዘለሉ ሲወስዱት ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ከዚያ መድኃኒቱ አይዘውም ብላ አስረዳችኝ። ላንቺም ተናገረች ማለት ነው፤ ገመዱ ሲያልቅ እየቆጠብሽ ቀን እንዳትዘልዪ። ደሜን ወስደው ልከዋል። ይሠራልኝ እንደሆነ ገና አላውቅም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

መድኃኒቱን ልቀበል ወደ አግዳሚው ስመለስ «የሺሃረግ አባተ» ብለው በኮሪደሩ ጮክ ብለው ጠሩኝ። ስሜ ሲጠራ ከአግዳሚው ጫፍ የተከናነቡ ሴት ቀና አሉ። እናትሽ ነበሩ። እጃቸው ላይ ጠርሙስ ይዘዋል፣ ሁለት ጥቁር ፌስታል ደርበውበታል።

መጀመሪያ የደም ግፊት መሰለኝ። ያችን ጠርሙስ ግን በጨለማም ባገኛት አውቃታለሁ።

ወደ ውጭ ወጣን። ዝናብ ነበር፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆምን። አባትሽ ከሞቱ ጀምሮ እንደሚወስዱ ነገሩኝ። ደካ ውስጥ እንዳይታዩ ነው ቦንጋ የሚመላለሱት። ገበያ ሄድኩ የሚሉሽ ይህንን ነው።

«ሜሪ እንዳትሰማ» አሉኝ። «አባቷ በወባ እንደሞተ ነው የምታውቀው። ብትሰማ እዚያ ሥራዋን ጥላ ታብዳለች።»

አንቺ ለእናቴ አትንገሪ ብለሻል። እሳቸው ለሜሪ አትንገሪ አሉኝ። ሁለታችሁም የምትደብቁት አንድ ነገር ነው። «ሜሪ ትሙት» ብዬ እንደማልኩልሽ ቆጥረሽ ነበር። መሐላውን ብጠብቅ ሜሪ ልትሞት ነው። ስለዚህ እዚያው ዝናቡ ሥር ነገርኳቸው፣ ሁሉንም፤ ማዳም እንደሌለች፣ ሥራሽን፣ ሽፍታውን፣ ኮረሪማውን።

አላለቀሱም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እየዋጠች ነው?»

አዎ አልኳቸው።

«ከኔ ጓሮ በሄደው ኮረሪማ?»

አዎ።

«እንግዲያስ ትምጣ» አሉ። «ጉባኤው የፈለገውን ይበል።»

ሜሪ፣ ገመዱ ሳያልቅ ቆንስላው ጋ ሂጂ። ፓስፖርት ጠፋብኝ በይ፣ አገሬ መግባት እፈልጋለሁ በይ። ፖሊስ ሳይመጣብሽ አንቺ ቀድመሽ ሂጂ።

የሺሃረግ


ሻርጃ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

ይህን የምጽፈው ከማቆያ ነው። የምትወጣ ልጅ ጫማዋ ውስጥ አድርጋ ሱቁ ጋ ታደርስልኛለች፤ የሰላሐዲን ሸሪክ እዚህ ስላለ እሱ ይይዘዋል።

ሰኞ ሌሊት መጡ። ስድስታችንንም ወሰዱን። ከሱቁ ደብዳቤ እንዳለኝ ልከውልኝ ነበር፣ ማክሰኞ ልወስደው ነበር። ምን ጽፈሽልኝ ይሆን?

እዚህ ሁላችንንም ደም ወሰዱን። በማግስቱ አምስቱ አብረው ቀሩ፣ እኔን ለብቻዬ ክፍል አዛወሩኝ። ምንም አላሉኝም። ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው ነው የሚሄዱት።

ኮረሪማው ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ከሰኞ ጀምሮ አልዋጥኩም። ሰዓቱ ሲደርስ ሰውነቴ ያውቀዋል፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ።

በሚመጡት ሳምንታት ይመልሱሻል ብለውኛል። ቀኑን ቆንስላው ለሸሪኩ ይነግረዋል። እባክሽ፣ ለእማዬ ኮንትራቷ አልቆ ነው በያት። ደካ አልሄድም። ፊቷን ማየት አልችልም። አንቺ ጋ ልደበቅ፣ ከአልጋሽ ሥርም ቢሆን።

ሜሪ


ቦንጋ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሜሪ፣

እንኳን ለአገርሽ መሬት አበቃሽ።

ይህን ሰላሐዲን ቦሌ መውጫው ላይ ቆሞ ይሰጥሻል። ደብዳቤ ብቻ ነው የምወስደው ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ሰው ሊቀበል እየሄደ ነው። ዙሌካ ናት የላከችው። ሌላ የያዘልሽ ነገር የለም፤ ነርሷ ሳታይሽ የሰው መድኃኒት እንዳትነኪ ብላለች። ባቋረጥሽው ጊዜ ምን እንደሆነ ከደምሽ ነው የሚታወቀው።

የሰኔው ደብዳቤዬ ሳይከፈት ተመለሰልኝ። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። መጀመሪያ እሱን አንብቢው፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጠሽ። ካነበብሽ በኋላ አትውረጂ። ጅማም አትውረጂ። አውቅሻለሁ፣ ልትጠፊ ታስቢያለሽ። ቦንጋ መናኸሪያ ድረስ ነይ።

እናትሽ እዚያ ይቆማሉ። ከትናንት ጀምሮ እኔ ክፍል ናቸው። ጋሽ አስናቀ ማን ናቸው ሲሉኝ የአጎቴ ሚስት አልኳቸው፣ ስለምውጠውም ጠየቁኝ፣ አልዋሸኋቸውም። እስከ መስከረም ድረስ ክፍሉን ልቀቂ ብለውኛል። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

ምን እንደምትነግሪያቸው አታስቢ። «አትንገረኝ» ብለዋል። «ትብላ፣ ትተኛ፣ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

ፈርቻለሁ ሜሪ። የደሜ ውጤት የሚመጣው እናንተን ይዤ በምሄድበት ቀን ነው። መድኃኒቱን አስለምጄው እንደሆነ ያን ቀን ይነግሩኛል። እሳቸውም ፈርተዋል፤ ሌሊት ሲገላበጡ ሰማኋቸው፣ እኔም እንዳልተኛሁ ሰሙኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን ተነስተው «ቦታውን አሳዪኝ» አሉኝ። ያን ያህል ዓመት ሲመላለሱበት የኖሩትን ቦታ። አብረን ሄድን። ነጠላቸውን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ፊታቸው ሳቡት፣ ሁለቱንም ጊዜ መልሰው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ከደካ የመጣ አንድ ሰው በሩ ላይ አይቶን ሰላም አላቸው። መለሱለት።

አግዳሚው ጠባብ ነው። እሳቸው በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ተቀምጠን ሞከርነው። መሀሉ ለአንድ ሰው ይበቃል።

የሺሃረግ አባተ